ኦዲ!

እሑድ ከምሳ በኋላ፣ ቡናው ሁለተኛ ሲደርስ፣ የልጅ ልጆቼ ተሰብስበው ይመጡና «አያቴ፣ የማላዊውን ንገሪን» ይሉኛል። የትኛውን እንደሚፈልጉ አውቃለሁ። የዝንቡን ነው።

የማላዊ ሐይቅ ርዝመቱ ከ550 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። አንዳንድ ጊዜ ከውሃው መሐል ጥቁር ጭስ የመሰለ ነገር ወደ ሰማይ ይነሣል። መጀመሪያ ያየሁ ዕለት ጀልባ የተቃጠለ መስሎኝ ጮኽኩ። አብራኝ የምትሠራው ነርስ በሳቅ ሞተች። ጭሱ ኩንጉ የሚሉት እጅግ ትንንሽ ዝንብ ነበር። ነፋስ ወደ ዳር ሲያመጣው ሰዉ ይሰበስበውና ጠፍጥፎ፣ አብስሎ ይበላዋል።

«አንቺስ በላሽው?» ይላል ትንሹ፣ መልሱን እያወቀ።

«በላሁት።»

«ምን ምን ይላል?»

«ዝንብ ዝንብ ይላል!»

ቤቱ በሳቅ ይሞላል። የማትስቀው ልጄ ብቻ ናት፤ የእነሱ እናት። ስኒ ታነሣለች፣ ረከቦት ታስተካክላለች። ለብዙ ዓመታት ታሪኩን መቶ ጊዜ ስለሰማችው ሰልችቷት ነው እያልኩ ሳልፍ ኖሬያለሁ።

መስከረም 1994 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያናችን ለሁለት ዓመት አገልግሎት ወደ ማላዊ ላከችኝ። አዋላጅ ነርስ ነበርኩ። በሐይቁ ደቡባዊ ዳርቻ ያለ አንድ የሚሲዮን ጤና ጣቢያ አዋላጅ ይፈልግ ነበር። ልጄ ያኔ ሰባት ዓመቷ ነው። ባለቤቴ በሥራው ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ ክፍለ ሀገር ስለሚውል፣ ልጅቷን ጉለሌ ለምትኖረው ለእናቴ አደራ ሰጠሁ። «ሁለት ዓመት ምን አላት?» አልኩ።

ማላዊ ስደርስ መጀመሪያ የተማርኩት ቃል «ኦዲ» ነው። እኛ ሰው ቤት ስንሄድ «ቤቶች!» እንደምንለው፣ እነሱ ደጅ ላይ ቆመው «ኦዲ!» ይላሉ። ከውስጥ «ኦዲኒ!» የሚል መልስ እስኪመጣ ማንም አይገባም። በሩ ወለል ብሎ ቢከፈት፣ ባለቤቱ ፊት ለፊት ቢታይ እንኳ ቆሞ ይጠበቃል። እኔ በጥድፊያ ያደግሁ የከተማ ሰው፣ በሽተኛ ለማየት ቤት ለቤት ስዞር ይህን ጥበቃ ለመልመድ ወራት ፈጀብኝ።

ጥርና የካቲት ላይ ክፉ ረሃብ ገባ። ያለፈው ዓመት በቆሎ በጎርፍ ተበላሽቶ ስለነበር ዋጋው አልቀመስ አለ። ሰዉ ያልደረሰ በቆሎ ከማሳ እየቆረጠ ይበላ ጀመር። በየማለዳው የጤና ጣቢያው ደጅ በእናቶች ይሞላል፤ ከእናቶቹ ይልቅ ደግሞ አያቶች ይበዙ ነበር። በእነዚያ ዓመታት ኤድስ ብዙ ወላጆችን ስለወሰደ፣ ልጅ የሚያሳድጉት አጎጎዎች ነበሩ። አጎጎ ማለት አያት ነው።

ከእነሱ አንዷ የሟች ልጃቸውን ሦስት ልጆች የሚያሳድጉ አሮጊት ነበሩ። ትንሹን በጀርባቸው አዝለው ይመጣሉ። አንድ ቀን ሕፃኑን ስመዝን ስለ ቤተሰቤ ጠየቁኝ። እኔም በተሰባበረው ቺቼዋዬ «ቤታችን አንዲት ልጅ አለች፤ የምታሳድጋት እናቴ ናት» አልኳቸው። አጎጎ ፊታቸው በሐዘን ተለወጠ። እጄን ያዙና «የልጅቷ እናትስ መቼ ሞተች?» አሉኝ።

ነርሷ ነገሩን ስታስረዳቸው ወረፋ የያዙት ሴቶች በሙሉ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ግን አልሳቅሁም።

ልጄ በየደብዳቤዋ ውስጥ የእግሯን ልክ ትልክልኝ ነበር። ወረቀት ላይ ቆማ እናቴ በእርሳስ ትዞርላታለች፤ ጫማ ገዝቼ እንድመጣላት ነው። በዚያች ሌሊት በእጄ የነበሩትን ሁለቱን ወረቀቶች አውጥቼ አንዱን በአንዱ ላይ አድርጌ በመብራት አየኋቸው። ሁለተኛው እግር ጣቱ ከፊተኛው አልፎ ወጥቷል።

በእረፍት ቀን ኬፕ ማክሊር ወደሚባለው የሐይቁ ዳርቻ ወሰዱኝ። የስኮትላንድ ሚሲዮናውያን እ.ኤ.አ. በ1875 የመጀመሪያ ጣቢያቸውን የተከሉት እዚያ ነው። ወባ ስለፈጃቸው እ.ኤ.አ. በ1881 ወደ ሰሜን፣ ወደ ባንዳዌ ተዛወሩ። መቃብራቸው ዛሬም አለ። አብረውኝ የነበሩት ስለ ጽናታቸው ሲያወሩ እኔ የማስበው በስኮትላንድ የቀሩትን እናቶቻቸውን ነበር። የሄደ ሰው ታሪኩ ይነገርለታል። የቀረውን ግን ማን ይጠይቀዋል?

ከሁሉ የምወደው ትዝታ ግን የሚያዝያው ነው። አዲሱ በቆሎ ደርሶ ሰው ነፍሱ መለስ ብላለች። አንድ ምሽት ደጄ ላይ «ኦዲ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። አጎጎ ናቸው። በሳህን ትኩስ ንሲማ፣ ማለት የበቆሎ ገንፎ፣ ከደረቀ ትንንሽ ዓሣ ጋር ይዘው መጥተዋል። ያን ሁሉ ወር የተራቡ ሰው ናቸው። አልቀበልም ልል ስል «እናትሽ እዚህ የለችም። ብዪ» አሉኝ። እሳቸው ቁጭ ብለው እያዩኝ በላሁ። ላገለግል የሄድኩት እኔ፣ የዚያን ቀን ልጅ ሆኜ ጎረስኩ።

በመስከረም 1996 ተመለስኩ። ጉለሌ እናቴ ደጅ ቆሜ «ቤቶች!» አልኩ። ልጄ እየሮጠች ወጣች፤ አየችኝና ቀጥ አለች፤ ተመልሳ ከእናቴ ቀሚስ ኋላ ተደበቀች። በመጨረሻው ወረቀት ልክ የገዛሁት ጫማም ጠበባት። ላቅፋት ስንደረደር እናቴ ክንዴን ያዘችኝና «ተያት፤ ራሷ ትምጣ» አለችኝ።

እናቴን ሰማሁ። እዚያው እያደርኩ፣ ማታ ማታ ልጄ ከምትተኛበት ክፍል ደጃፍ ላይ ቆሜ «ኦዲ!» እላለሁ። መልሱን አስተምሬያታለሁ። ዝም ካለች «ደኅና እደሪ» ብዬ እመለሳለሁ። በዘጠነኛው ቀን ከብርድ ልብሱ ሥር «ኦዲኒ» የሚል ቀጭን ድምፅ መጣ።

እኔ ታሪኩ እዚያ ያለቀ ይመስለኝ ነበር። ባለፈው እሑድ ግን የዝንቡን ነግሬ ስጨርስ ትንሹ ድንገት «ያኔ እማዬ የት ነበረች?» ብሎ ጠየቀ። ልመልስ አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ወደ ልጄ ዞርኩ።

ስኒውን አስቀመጠች። «እናትዬ ቤት» አለች። «ሰው ደጅ ላይ ‹ቤቶች!› ባለ ቁጥር እሮጥ ነበር። ጎረቤት ይሆናል፣ የዕድር ሰው ይሆናል፣ ወተት የምታመጣዋ ትሆናለች። የመጣሽ ቀን ግን ፊትሽ ጠፋኝ። ሌላ ሰው መስለሽኝ ነው የተደበቅሁት።»

ሃያ ዓመት አልፎ ይህን ገና መስማቴ ነው። አልተከራከርኩም፤ «ለእግዚአብሔር ሥራ ነው የሄድኩት» አላልኩም። ጠጋ ብዬ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሦስተኛው ቡና ቀዘቀዘ።

ይህን ስጽፍ ልጆቻቸው ለእንጀራ ዓረብ አገር ሄደው የልጅ ልጅ የሚያሳድጉ ብዙ አያቶች እንደሚያነቡኝ አውቃለሁ። እናት ስትመለስ ልጁ ቢሸሽ አትቆጡት፤ «ሂድ፣ እናትህን ሳም!» ብላችሁም አትግፉት። እናቲቱንም እናቴ እኔን እንዳደረገችኝ ክንዷን ያዙአት። ርቃችሁ የኖራችሁ ወላጆች ደግሞ ያያችሁትን ለልጆቻችሁ ንገሩ፤ ታሪካችሁ ያስቃቸዋል፣ ያስተምራቸዋልም። ስትጨርሱ ግን «አንተስ ያኔ እንዴት ነበርክ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ቢዘገይም ጠብቁ።

መልካም ሰንበት።