የአያቷ ክንድ እስከ ጨረቃ

ሰባተኛ ክፍል የምትማረው የእህቴ ልጅ በዚህ ሳምንት የሳይንስ ደብተሯን ይዛ እኔ ዘንድ መጣች። ጥያቄው «ጨረቃ ከምድር ምን ያህል ትርቃለች?» ይላል። «384,400 ኪሎ ሜትር» ብላ መልሳለች። ከሥሩ ደግሞ ማንም ሳይጠይቃት «ወይም 836 ሚሊዮን ክንድ» ብላ ጨምራለች። መምህሩ ሁለተኛውን መስመር በቀይ ሰርዞ «ክንድ የሳይንስ መለኪያ አይደለም» ብሎ ጽፎባታል። ትምህርት ቤቱ እዚሁ አዳማ ውስጥ ነው፤ ስሙን አልጠራም። ንዴቴ ግን ዛሬም አልበረደም።

ልጅቱ ምን እንዳደረገች ስሙ። የአያቷን ክንድ ከክርን እስከ መሃል ጣት ጫፍ በማስመሪያ ለካች፤ 46 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ከዚያ የጨረቃን ርቀት ለዚያ አካፈለች። አያቷ እናቴ ናት፤ አዳማ ገበያ ውስጥ አቡጀዲ በዚያው ክንድ እየለካች ሸጣ ነው ያሳደገችን።

«ክንድ ከሰው ሰው ይለያያል» የሚል መልስ እንደሚመጣብኝ አውቃለሁ። ኤራቶስቴንስ በአስዋንና በእስክንድርያ የፀሐይ ጥላ ተነሥቶ የምድር ዙሪያ 250,000 ስታዲዮን ነው ሲል ዓለም እስከ ዛሬ ያደንቀዋል። የእሱ ስታዲዮን ስንት ሜትር እንደነበረ ግን ሊቃውንት አሁንም ይከራከራሉ፤ ስለዚህም ለእውነቱ ምን ያህል እንደቀረበ በእርግጠኝነት መናገር አልተቻለም። የእኛዋ ልጅ መለኪያዋን አስቀድማ ለክታ ነው የጀመረችው። ክርክሩ እዚህ ላይ ያበቃል።

የዚህ ዓምድ ደንበኞች ከዜሮ ጋር ያለኝን የቆየ ጠብ ታውቃላችሁ። ልጆቻችን ዜሮ ደርድረው ይገለብጣሉ፣ ለፈተና ይሸመድዳሉ፣ ከፈተና በኋላ ይረሳሉ። ፀሐይ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ትርቃለች ብሎ የጻፈ ልጅ ከጨረቃ ወዲያ ይሁን ወዲህ ያልታየው ሞልቷል። ርቀት የሚገባው በሰው አካልና በሰው ድካም ሲለካ ነው። አባቶቻችን መንገድን በቀን የሚቆጥሩት ለዚህ ነበር። ከአዳማ አሰላ 75 ኪሎ ሜትር ነው፤ ለብርቱ እግረኛ የሁለት ቀን መንገድ። በዚሁ እርምጃ፣ በቀን 40 ኪሎ ሜትር እየተጓዘ ወደ ጨረቃ ቢያቀና፣ በሃያ ዓመቱ የተነሣ ጎረምሳ አርባ ስድስት ሲሞላው ይደርሳል። ወደ ፀሐይ ከአሥር ሺህ ዓመት በላይ ይፈጃል። ከፀሐይ ቀጥሎ ቅርባችን ወደሆነው ኮከብ፣ ወደ ፕሮክሲማ ሴንታውሪ፣ 2.7 ቢሊዮን ዓመት ያስኬዳል። ምድር ራሷ ከተፈጠረች 4.5 ቢሊዮን ዓመቷ ነው።

የጠፈር ሊቃውንት በብርሃን ዓመት ሲቆጥሩም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ የሚጓዘው ብርሃን ሆነ እንጂ ስሌቱ የቀን መንገድ ነው። ለዚህ የሚሆን መስፈሪያ ደግሞ በቤታችን አለ። ባሕረ ሐሳብ ዕለትን በ60 ኬክሮስ ይከፍላል። አንድ ኬክሮስ 60 ካልዒት፣ አንድ ካልዒት 60 ሣልሲት ነው። ካልዒት 24 ሰከንድ፣ ሣልሲት ከግማሽ ሰከንድ ያነሰች ሽርፍራፊ ትሆናለች። የጨረቃ ብርሃን እኛ ዘንድ የሚደርሰው በሦስት ሣልሲት ከጥቂት ነው፤ የፀሐይ ብርሃን በ21 ካልዒት ገደማ። በዓላትን ለማውጣት ሲሠራበት የኖረ አቆጣጠር የሰማይን ርቀት እንዲህ ጥርት አድርጎ ሲናገር ሳይ ደስታዬ ወሰን የለውም። የፊዚክስ መምህርና የቅኔ ቤት ደቀ መዝሙር አንድ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጡ ምን ያህል በተማማሩ!

ደግሞም ጨረቃ ባለችበት አትቆይም። የአፖሎ 11 ጠፈርተኞች በ1961 ዓ.ም. እዚያ በተዉት መስታወት ላይ ሌዘር እየተላከ ሲለካ፣ በየዓመቱ 3.8 ሴንቲ ሜትር ያህል ከምድር ትሸሻለች። ሁለት ጣት ማለት ነው። ይህን በኪሎ ሜትር የሚናገር የለም፤ እዚህ ላይ ጣት ከሁሉም ይበልጣል።

ጣት ካልን ዘንድ፣ እኛ ያለንበት መሬትስ? አዳማ፣ ሞጆ፣ መቂ፣ ባቱ የተቀመጡት በስምጥ ሸለቆው ወለል ላይ ነው። በምዕራብ የሸዋ ደጋ፣ በምሥራቅ የአርሲ ደጋ ቆመዋል፤ ሁለቱ በየዓመቱ ወደ 5 ሚሊ ሜትር ይራራቃሉ፤ የጣት ሩብ። ባቡሩ አዲስ አበባ ከገባበት ከ1909 ዓ.ም. ወዲህ የተራራቁት ሲደመር፣ በእናቴ ክንድ፣ አንድ ክንድ ከጋት ያህል ይሆናል። የአሮጌው ሐዲድ ስፋት አንድ ሜትር ነበር፤ ከእሱ ግማሽ የሚበልጥ መሬት በእግራችን ሥር ተከፍቷል ማለት ነው። ይህን የሚናገር ሰሌዳ በአሮጌው የአዳማ ባቡር ጣቢያ፣ በኦሮምኛም በአማርኛም ተጽፎ ቢቆም እወዳለሁ። ቁጥሩ በክንድና በጋት ይጻፍ፤ ሜትሩ ከጎኑ ይሁን፤ ማንም ልጅ እዚያው ቆሞ በራሱ ክንድ ይለካው።