አዲስ ነው ተብሎ የተገዛ ሽጉጥ እንዴት እንደሚመረመር

በቅሎ የሚገዛ ሰው ጥርሷን አይቶ ዕድሜዋን ይገምታል፤ ኮርቻዋንም አስወርዶ ገጣባ እንዳይኖርባት ጀርባዋን ይዳስሳል። ሻጩ ምንም ጭነት ያልነካት ናት ብሎ ቢምልለትም እንኳ ኮርቻው ሳይወርድ ገንዘቡን አይቈጥርም። በዚህም ማንም አይቀየመውም፤ የገበያ ወግ ነውና። ይኸው ጠንቃቃ ሰው ግን ሽጉጥ በገዛ ጊዜ ብረቱ ስላንጸባረቀና ሣጥኑ ስላማረ ብቻ አዲስ ነው ብሎ ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይገባል። ገጣባ በቅሎ የምታመጣው ጕዳት የገንዘብ ኪሳራ ነው፤ በማይታወቅ እጅ ሲዞር የኖረ ሽጉጥ የሚያመጣው ጕዳት ግን በሕይወት፥ በስምና በቤተ ሰብ ላይ ነው። ስለዚህ በዛሬው ክፍላችን አዲስ ነው ተብሎ የተገዛ ሽጉጥ አስቀድሞ ተተኵሶበት እንደ ሆነ የሚታወቅበትን ምልክት ለክቡራን አንባቢዎቻችን እንገልጻለን።

ምርመራው የሚያስፈልግበት ምክንያት ሦስት ነው። አንደኛው፥ ብዙ የተተኰሰበት ሽጉጥ ሞላዎቹ ይደክማሉ፥ መያዣዎቹም ይበላሉ፤ በሚፈለግበት ጊዜ እምቢ የሚል፥ በማይፈለግበት ጊዜ ግን የሚባርቅ ይሆናል። ሁለተኛው፥ አሮጌን ዕቃ በአዲስ ዋጋ መግዛት መታለል ነው። ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው፥ በሽጉጡ አስቀድሞ የሰው ደም ፈሶበት እንደ ሆነ፥ ጥያቄው በመጀመሪያ የሚቀርበው ዛሬ በእጁ ለተገኘበት ሰው መሆኑ ነው።

ከሁሉ በፊት ሽጉጡ ባዶ መሆኑን ማረጋገጥ ግዴታ ነው። ሻጩ ባዶ ነው ብሎኛል ማለት ማረጋገጥ አይደለም። አፈሙዙ ሰው ወደሌለበት ወገን ይዙር፤ ጣት ከምላጩ ይራቅ፤ ጥይትም በዚያ ክፍል ውስጥ ፈጽሞ አይቀመጥ። ከዚህ በኋላ ካዝናው ይውጣ፤ ካዝናው ከወጣ በኋላ ላይኛው ተንሸራታች ብረት ወደ ኋላ ይሳብና በበርሜሉ ጕሮሮ ውስጥ ጥይት አለመኖሩ በዓይን ይታይ፥ በጣትም ይዳሰስ። ቅደም ተከተሉ አይለዋወጥ፤ ካዝናው ሳይወጣ ብረቱን የሳበ ሰው አንዱን ጥይት አስወጥቶ ሌላውን ያጐርሳልና። ካዝናውን ብቻ አውጥቶ ባዶ ነው የሚልም ሰው በጕሮሮው ውስጥ የቀረችውን አንዲት ጥይት ረስቷል። በየአገሩ «ባዶ መስሎኝ» እየተባለ የሚለቀሰው ልቅሶ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚህ ስሕተት ነው።

ቀጥሎ መታወቅ የሚገባው፥ አንድም ጊዜ ያልተተኰሰበት ሽጉጥ ከፋብሪካ የሚወጣው ጥቂት መሆኑ ነው። በቤልጅግ አገር በሊየዥ ከተማ መሣሪያን ሳይሸጥ አስቀድሞ የመፈተን ሥርዓት የተደነገገው በ1672 ነው፤ በእንግሊዝ የበርሚንግሃም የፈተና ቤት በ1813 ተቋቋመ፤ በ1914 ደግሞ መንግሥታት በብራስልስ ተስማምተው ለዚሁ ጕዳይ የጋራ ጉባኤ አቆሙ (ዓመታቱ ሁሉ በኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው)። በዚህ ሥርዓት መሠረት ሽጉጥ የሚፈተነው ግፊቱ ከተራው ጥይት 30 በመቶ በሚበልጥ ጥይት ነው፤ ፈተናውን ላለፈውም በብረቱ ላይ የፈተና ማኅተም ይመታበታል። የመንግሥት ፈተና በሌለበት በአሜሪካም ብዙ ፋብሪካዎች በራሳቸው ፈቃድ ተኵሰው ይሞክራሉ፤ አንዳንዶቹም የተተኰሰውን ቀለህ በትንሽ ፖስታ አድርገው ከሣጥኑ ጋር ይልኩ ነበር። እንግዲህ በበርሜሉ ውስጥ ጥቂት የባሩድ ጥላሸት ማግኘት ብቻውን ሻጩን አታላይ አያሰኘውም። ፍርድ በአንድ ምስክር አይሰጥምና፥ ምልክቶቹ ሁሉ ተሰብስበው አንድ ቃል ሲናገሩ ብቻ ይፈረዳል።

አሁን ወደ ምልክቶቹ እንግባ። ሽጉጡ ፋብሪካው ባወጣው መጽሐፍ መሠረት፥ ወይም በባለሙያ እጅ ይፈታ። ተፈትቶ የወጣው በርሜል ወደ ብርሃን ተይዞ ሲታይ፥ በውስጡ እየተጠማዘዙ የሚሄዱት ቦዮች ጠርዛቸው የተሳለና የሚያብለጨልጭ ከሆነ መልካም ነው። ጠርዙ ከዶለዶመ፥ በቦዮቹም ውስጥ የመዳብ ወይም የእርሳስ ልጥፍ ከታየ፥ ብዙ ጥይት አልፎበታል። ከሁሉ የሚከፋው በብረቱ ላይ እንደ ፈንጣጣ ጠባሳ የሚታየው ጕድጓድ ነው። እስከ 1950 ገደማ በተሠሩት በብዙዎቹ ጥይቶች መለኮሻ ውስጥ ፖታሲየም ክሎሬት የሚባል ንጥረ ነገር ነበረበት፤ ይህም ሲቃጠል የሚተወው ጨው እርጥበትን እየሳበ ብረትን ያዝጋል። ተኵሶ በውሃ ሳያጥብ በዘይት ብቻ ያስቀመጠ ሰው፥ ዘይት ጨውን አያሟሟምና፥ በርሜሉን አስበልቶታል። ይህ ጠባሳ በምንም ውልወላ አይጠፋም።

ከበርሜሉ በኋላ የጥይቱን መቀመጫ ደግፎ የሚይዘው ፊተኛ ብረት ይታይ። መርፌው በሚወጣበት ቀዳዳ ዙሪያ የቀለሁ መለኮሻ እየታተመ የሚተወው ክብ አሻራ አለ፤ አሻራው ፈዛዛ ከሆነ የፈተናው ነው፥ ጐልቶ ብረቱን ከቈፈረው ግን የብዙ ተኵስ ነው። ጥይቱ ከካዝናው ወደ በርሜሉ የሚወጣበት ዳገትም በብዙ መመላለስ እንደ መስታወት ይለሰልሳል፥ ወይም ቢጫ የናስ ቀለም ይይዛል። የካዝናውም ከንፈር ተፍቆ፥ ሞላውም በአውራ ጣት ሲጫኑት ተሸንፎ የሚገኝ ከሆነ፥ ያ ካዝና ብዙ ጊዜ ጐርሷል።

የውጭውን መልክ በተመለከተ፥ ማኅደር ውስጥ የኖረ ሽጉጥ በመጀመሪያ የሚላጨው በአፈሙዙ ጫፍና በሹል ጠርዞቹ ላይ ነው፤ በዚያ ቦታ ጥቍሩ ቀለም ለቆ ነጩ ብረት ይታያል። ይህን ለመሸፈን አንዳንድ ሻጭ ብረቱን ሞርዶ እንደገና ቀለም ያገባበታል። ዳሩ ግን ሞረድ የነካው ብረት ራሱን ያጋልጣል፤ የፊደሎቹ ጠርዝ ይደበዝዛል፥ የብሎን ቀዳዳዎቹ ዙሪያ እንደ ሳህን ይሰረጕዳል፥ ቀጥ ያለው ማዕዘንም ይከብባል። የብሎኑ ራስ በመፍቻ ተጨራምቶ ቢገኝ፥ ልምድ የሌለው እጅ ፈትቶት ነበር ማለት ነው። ወፍራም ዘይት ተቀብቶ የቀረበም ሽጉጥ እንደ ሆነ፥ ዘይቱ በነጭ ጨርቅ ተጠርጎ ይታይ፤ በገጣባ ላይ የተጫነ ኮርቻ ሊሆን ይችላልና።

ባለ ስድስት ጐራሽ ለሚባለው ተሽከርካሪ ሽጉጥ ሌላ ምልክት አለው። በሚዞረው ጐራሽ ወገብ ላይ የሚታየው ቀጭን መስመር የመሽከርከር እንጂ የመተኰስ ማስረጃ አይደለም፤ ሱቅ ውስጥ ገዢ ሁሉ እያነሣ ስላዞረውም ሊመጣ ይችላል። የሚያስረዳው ግን በጐራሹ ፊት በእያንዳንዱ ቀዳዳ ዙሪያ የሚታየው የጥላሸት ቀለበትና፥ በጐራሹና በበርሜሉ መካከል የሚወጣው እሳት ላይኛውን ብረት የቈረጠበት ጭረት ነው። ጐራሹ በእጅ ሲነካ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚንቀጠቀጥ ከሆነም አርጅቷል።

ማኅተምንም ማንበብ ያስፈልጋል። ለምሳሌ የኢጣሊያ ጦር ይታጠቀው የነበረውን ባለ ሰባት ጥይት በሬታ፥ ሞዴል 1934 የሚባለውን እንውሰድ። በጐኑ ላይ የተሠራበት ቦታ የጋርዶኔ ስም፥ የተሠራበት ዓመትና፥ አጠገቡም ፋሺስቶች ከ1922 ጀምረው ይቈጥሩት የነበረው ዓመት በሮማውያን ቍጥር ተጽፎ ይገኛል፤ ከ1941 አጠገብ አሥራ ዘጠኝ የሚል እንደሚነበበው ማለት ነው። ዘውድና ከሥሩ «ር» እና «ኤ» የሚባሉት የላቲን ፊደሎች ካሉበት የንጉሣዊው ምድር ጦር ንብረት ነበረ። እንዲህ ያለውን ሽጉጥ አዲስ ነው ብሎ የሚያቀርብ ሻጭ ቢኖር ብረቱ ራሱ ይመሰክርበታል። ምናልባት በመጋዘን ተቀምጦ ብዙ ያልተተኰሰበት ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም ከሰማንያ ዓመት በላይ የቈየ ሞላ አዲስ ሊባል አይችልም።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው የመለያው ቍጥር ነው። ቍጥሩ በብዙ ክፍሎች ላይ የተመታ እንደ ሆነ ሁሉም አንድ መሆን አለበት፤ ከሣጥኑና ከደረሰኙም ጋር ይተያይ። የተፋቀ፥ የተደበደበ፥ ወይም ላዩ ላይ ሌላ የተመታበት ቍጥር ካለ ሽጉጡን መቀበል አይገባም። የፋቀው ሰው አጠፋሁት ይበል እንጂ አላጠፋውም፤ ብረት በምት ሲታተም ከቍጥሩ በታች ያለው ክፍል ስለሚጨናነቅ፥ ላዩ ቢሞረድም እንኳ ባለሙያ በአሲድ አጥቦ ብዙ ጊዜ መልሶ ያነበዋል። በርሜሉም እንደዚሁ የገዛ ራሱን ጭረት በሚያልፍበት ጥይት ላይ ይጽፋል። በ1925 በኒውዮርክ ካልቪን ጐዳርድ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ፥ ሁለት ጥይቶችን ጐን ለጐን በሚያሳይ ማጉያ መነጽር ይህን ጽሕፈት የሚያነብ ቢሮ አቋቁሞ ነበር። በ1929 በቺካጎ ሰባት ሰዎች በተገደሉ ጊዜ፥ ጥይቶቹ ከየትኞቹ ሁለት ጠመንጃዎች እንደ ወጡ ያስታወቀው እርሱ ነው። እንግዲህ መሣሪያ ባለቤቱ ቢለወጥም ያለፈ ሥራውን አይረሳም፤ አዲሱን ባለቤት የሚያድነው ቀን፥ ቍጥርና የሻጩ ፊርማ ያለበት ወረቀት ነው።

ስለ ሕጉም ጥቂት እንበል። በኢትዮጵያ በ2012 ዓመተ ምሕረት የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቍጥጥር አዋጅ ቍጥር 1177 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል፤ ስለዚህ ከመንገድ ዳር በሹክሹክታ የተገዛ ሽጉጥ ቢመረምሩትም ባይመረምሩትም ጠንቅ ነው። በ1952 ዓመተ ምሕረት የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ስለ ሽያጭ በሚናገርበት ክፍሉ፥ ገዢ የተረከበውን ዕቃ ሳይዘገይ እንዲመረምርና ጕድለት ባገኘ ጊዜ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዝዛል። ስለዚህ ምርመራው በተረከቡበት ሰዓት፥ ምስክር ባለበት ይሁን፤ ወር ከቈየ በኋላ ጭረቱን ያመጣው ማን እንደ ሆነ መለየት ያስቸግራልና። የበላው ሽጉጥ ቢገኝም በጥይት ልሞክረው ማለት የገዢው ፈንታ አይደለም፤ ለባለሙያ ይሰጥ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንደ ተባለ፥ ከመታጠቅ ማወቅ ይቅደም።

በመጨረሻም ይህ ክፍል የቤተ ሰብ ክፍል ስለ ሆነ ለአባቶችና ለእናቶች የምንለው አለን። የተመረመረው ሽጉጥ ወደ ቤት በገባ ጊዜ የሚቀመጠው በትራስ ሥር ወይም በልብስ ሣጥን ውስጥ ሳይሆን በሚቈለፍ ቦታ ነው፤ ጥይቱም በሌላ ቍልፍ ለብቻው ይቀመጥ። ልጆቼ የት እንዳለ አያውቁም ብሎ የሚያምን አባት ራሱን ይደልላል፤ ልጅ በቤት ውስጥ የማያውቀው ሥርቻ የለምና። የቤቱ እመቤትም መሣሪያው መኖሩን፥ ቍጥሩንና ወረቀቱ የተቀመጠበትን ስፍራ ትወቅ፤ ባለቤቱ ድንገት ቢሞት ወይም ቢታመም የምትጠየቀው እርስዋ ናትና። የሽጉጡን ያለፈ ታሪክ የመረመረ ሰው የወደፊት ታሪኩንም የመጠበቅ ኀላፊነት አለበት፤ ይኸውም ከእርሱ ቀጥሎ የሚመረምረው ሰው የፈተናውን ማኅተም እንጂ የልቅሶ ምልክት እንዳያገኝበት ነው።