ሳይቃጠል በቅጠል፦ ስለ ሃርድ ዲስክ ሙቀትና ስለ መጠባበቂያ ቅጂ

ዛሬ የአንድ ትምህርት ቤት ንብረት ወንበርና ጥቁር ሰሌዳ ብቻ አይደለም። የተማሪ ውጤት፣ የፈተና ወረቀት፣ የትምህርት ዕቅድ፣ የመምህራን ማኅደር ድሮ በመዝገብ ቤት ሣጥን ይቆለፍ ነበር። አሁን ግን መዳፍ በሚያህል የብረት ዕቃ፣ በሃርድ ዲስክ፣ ውስጥ ገብቷል። ስለዚህም የዲስክ ጤንነት የኮምፒዩተር ባለሙያ ብቻ ሳይሆን የመምህርም ጉዳይ ነው።

አሮጌ ኮምፒዩተር ቤቱ አስቀምጦ፣ ሁለት ዲስክ ከትቶበት፣ የመጠባበቂያ ሰርቨር ያደረገ መምህር በመካከላችን አይታጣም። ሐሳቡ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ከዚሁ ጋር ሁለት አነጋገሮች ይሰማሉ። አንደኛው፣ «መካነ ሰላም ደጋ ነው፤ ብርዱ ራሱ ያቀዘቅዘዋል» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ «ሙቀቱን ከተቆጣጠርኩ ዲስኩ ምንም አይሆንም» ይላል። እኛ ሁለቱም አያዋጡም እንላለን።

የመጀመሪያውን እንመልከት። መካነ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,600 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ማራገቢያው እንደ ልማዱ ቢሽከረከርም የሚገፋው አየር ስስ ስለሆነ ሙቀት የመውሰድ ኃይሉ ይቀንሳል። ከዚህም በላይ በሃርድ ዲስክ ውስጥ ያለችው የማንበቢያ ራስ በሚሽከረከረው ሳህን ላይ የምትንሳፈፈው በአየር ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ከፀጉር ውፍረት እጅግ ያነሰ ነው። አየሩ ሲሳሳ ራሷ ወደ ሳህኑ ትጠጋለች። ብዙ አምራቾች ዲስካቸው እስከ 3,050 ሜትር ገደማ እንዲሠራ የወሰኑት በዚህ ምክንያት ነው። ለመካነ ሰላም ይህ በቂ ነው። ከመካከላችን ወደ አምባ ፈሪት ግድም፣ ወደ ለጋምቦና ወደ ሳይንት ከፍተኛ ደጋ የሚመደብ ግን ዲስክ ሲገዛ በመግለጫው ላይ የተጻፈውን ከፍታ ያንብብ። እዚያ ተንሳፋፊ ራስ የሌለው ኤስኤስዲ ይሻላል። እሱም ቢሆን ኤሌክትሪክ ሳያገኝ ለዓመታት ቢቀመጥ የያዘውን ሊረሳ ይችላል።

ሙቀትን በተመለከተ ትልቁ ጠላት የአየሩ ጠባይ ሳይሆን የእኛው ልማድ ነው። «አቧራ እንዳይገባበት» ተብሎ በዳንቴል የተሸፈነ ኮምፒዩተር በየቤቱ እናያለን። ሲጠፋ መሸፈኑ ደግ ነው፤ የበጋውን አቧራ ማን ያጣዋል? ሲሠራ ግን ልብሱ ይነሣለት! ሰርቨር ደግሞ ሌትና ቀን ስለሚሠራ ዳንቴል ጨርሶ አይገባውም። ከከሰል ምድጃ፣ ከጭስና ፀሐይ ከምታርፍበት መስኮት ይራቅ። ኮርኒስ በሌለው ቆርቆሮ ቤት ውስጥ እኩለ ቀን ላይ የሚሆነውንም እናውቃለን። በብርድ መንገድ ተይዞ የመጣ ዲስክ ወደ ሞቀ ክፍል ሲገባ እንደ መነጽር ጤዛ ሊይዝ ስለሚችል፣ አንድ ሁለት ሰዓት ሳይቆይ አይሰካ።

ልኩስ ስንት ነው? ብዙዎቹ ዲስኮች እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲሠሩ ቢፈቀድላቸውም፣ ከ30 እስከ 45 ባለው መካከል ቢቆዩ መልካም ነው። 50ን ካለፉ ማራገቢያውንና አቧራውን መመርመር ይገባል። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ሙቀቱንም ሌሎች የሕመም ምልክቶችንም ያሳያል።

ታዲያ ሙቀቱ ከተስተካከለ ነገሩ አበቃ ማለት ነው? አይደለም። የጎግል ኩባንያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ከ100,000 በላይ ዲስኮች ላይ ያደረጉትን ጥናት አውጥተው ነበር። ሙቀት በብልሽት ላይ ያለው ድርሻ የተገመተውን ያህል ሆኖ አልተገኘም። ከባድ ሙቀት የጎዳው በተለይ ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለገሉትን ነበር። ከመጠን በላይ የቀዘቀዙትም ቢሆኑ ከብልሽት አልዳኑም። ከሁሉ የሚያስደነግጠው ግን፣ ከተበላሹት ዲስኮች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በዋና ዋናዎቹ አራት የማስጠንቀቂያ ምልክቶች ላይ ምንም ሳያሳዩ መሞታቸው ነው። ስለዚህ መቆጣጠሪያው «ደህና ነው» ቢልም ልባችንን አንጣልበት።

መብራትም አለ። በጽሕፈት መካከል ድንገት ጥፍት ሲል ፋይሉ ግማሽ ላይ ይቀራል። ስታቢላይዘር ቮልቴጁን ያስተካክላል እንጂ መብራት ሲሄድ ኮምፒዩተሩን አያቆይም። በደንብ ለማጥፋት ጊዜ የሚሰጠው ዩፒኤስ ነው።

እንግዲህ ዋናው ነገር ይህ ነው፦ ዲስክ ሁሉ ሟች ነው፤ የሚያድነን ቅጂው ነው። ሁለት ዲስክ በአንድ ሣጥን ውስጥ ማድረግ ደግሞ ሁለት ቦታ እንደ ማስቀመጥ አይቆጠርም። ሌባ ከመጣ ሣጥኑን እንዳለ ነው የሚያነሣው።

ለዚህ ምሳሌው ከደጋችን ሩቅ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ ያሰባሰቧቸው የብራና መጻሕፍት በመቅደላ አምባ ነበሩ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር አምባውን ሲይዝ ተዘረፉ፤ ዛሬ ወደ 350 የሚሆኑት ለንደን በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። አምባው የጸና ነበር፤ ቦታው ግን አንድ ነበር። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ የሐይቅ እስጢፋኖስን ጨምሮ የብዙ ገዳማት መጻሕፍት በማይክሮፊልም ሲቀዱ፣ ቅጂው አዲስ አበባም፣ አሜሪካ ሚኒሶታም ተቀመጠ። በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት በወሎ ስንት ትምህርት ቤት እንደተዘረፈና እንደወደመ ለናንተ አይነገርም። አያድርስ ማለት ብቻ ግን ሰነድ አያድንም።

ስለሆነም የሚከተለውን እናሳስባለን።

1ኛ/ የተማሪ ውጤት በሦስት ቅጂ ይያዝ። አንዱ በሥራ ላይ ባለው ኮምፒዩተር፣ አንዱ በሌላ ዲስክ፣ አንዱም ከግቢው ውጭ፣ ቢቻል በሌላ ከተማ ይቀመጥ። «ገንዘብ ከየት?» ለሚለን፣ የውጤት መዝገብ ቦታ አይፈጅም፤ አንድ ፍላሽ ይበቃዋል። በወረቀት ታትሞ የተፈረመበትም ጥሩ ቅጂ ነው።

2ኛ/ በየመንፈቀ ዓመቱ ከቅጂው ላይ አንድ ፋይል ተከፍቶ ይታይ። ተከፍቶ ያልታየ ቅጂ አለ አይባልም።

3ኛ/ መምህር ሲዛወር ቁልፍና መዝገብ እንደሚረከቡት ዲስኩም ከነዕድሜው ተጽፎ ይረካከቡት።

4ኛ/ ይህ ሁሉ ሠልጣኙ ለምደባ ከመውጣቱ በፊት በተግባር ይሰጥ።

በውጤት ወረቀት መጥፋት ምክንያት አንድ የገበሬ ልጅ ዓመቱን ቢደግም፣ ዲስኩ ሞቆ ነበር ወይስ ቀዝቅዞ ነበር ብሎ መከራከር ምን ይረባዋል? ዳንቴሉን ዛሬ እናንሣ፤ ቅጂውንም ዛሬ እንቅዳ። የተለየ ሐሳብ ያለው ሠልጣኝም ሆነ አሠልጣኝ ጽፎ ይስጠን፤ በሚቀጥለው ዕትም እንለጥፈዋለን።