ጀርባው ላይ ያለው ባዶ ቦታ

የሥነ መለኮት ኮሌጅ ተማሪዎች ሳለን፣ አንድ ቅዳሜ ማታ በተውሶ ቪዲዮ ማጫወቻ አንድ የቆየ የአሜሪካ ፊልም አየን። ርእሱ በአማርኛ “ባለ ሥዕሉ ሰው” ሊባል ይችላል። ገና ሳያልቅ ግማሾቹ ጓደኞቻችን “ይህ ጥንቆላ ነው” ብለው ተነሥተው ወጡ፤ የቀረነው ደግሞ እስከ እኩለ ሌሊት ስንከራከር አመሸን። ሰሞኑን፣ ፀጉራችን ከሸበተ በኋላ፣ ከእነዚያ ወዳጆቻችን ከሁለቱ ጋር ቁጭ ብለን እንደገና አየነው። አሁንም አልተስማማንም።

ፊልሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። መነሻው ሬይ ብራድበሪ በ1951 ያሳተመው የአጫጭር ልብ ወለዶች ስብስብ ሲሆን፣ ከመጽሐፉ 18 ታሪኮች ውስጥ ፊልሙ የወሰደው ሦስቱን ብቻ ነው። ዳይሬክተሩ ጃክ ስማይት ይባላል። ሮድ ስታይገርና ክሌር ብሉም በሦስቱም ታሪኮች ላይ እየተመላለሱ ይተውናሉ፤ በጊዜው በእውነተኛው ሕይወታቸውም ባልና ሚስት ነበሩ። ተቺዎች አልወደዱትም፤ ገበያም አልቀናውም። ደራሲው በስክሪፕቱ ላይ እጁ ስላልነበረበት የመጽሐፉ ወዳጆች ዛሬም ድረስ ይወቅሱታል። በአንጻሩ ከልባቸው የሚወዱት ሰዎችም አሉ።

ታሪኮቹን የሚያያይዛቸው አንድ ሰው ነው። ካርል ይባላል። ከአንገቱ እስከ እግሩ ገላው በሥዕል የተሸፈነ ነው፤ ንቅሳት ሲሉበት ግን ይቆጣል። ሥዕሎቹን የሠራችለት አንዲት ሴት ናት፤ እሷን ፈልጎ ሊገድላት በየአገሩ ይንከራተታል። መንገድ ላይ ያገኘው አንድ ወጣት ሥዕሎቹን ትኵር ብሎ ሲያያቸው ይንቀሳቀሳሉ፤ ገና ያልመጣውን ዘመን ታሪክ ይነግሩታል። ካርል ጀርባ ላይ ግን ሥዕል የሌለበት አንድ ቦታ አለ። እዚያ ላይ የሚያይ ሰው የሚያየው የራሱን የወደፊት ነገር ነው።

ስለ መጀመሪያዎቹ ሁለት ታሪኮች ብዙ አንልም። አንዱ ልጆች ያሰቡትን ሁሉ እውነት አስመስሎ ስለሚያሳይ የመጫወቻ ክፍልና በዚያ ክፍል ውስጥ ስላሉ አንበሶች ነው፤ በመጽሐፉ የሚያስፈራውን ያህል በፊልሙ አያስፈራም፤ ተቻኩለውበታል። ሁለተኛው ዝናብ በማያባራባት በቬኑስ ላይ የጠፉ ጠፈርተኞች ታሪክ ነው። ከወዳጆቻችን አንዱ እዚህ ላይ እንቅልፍ ወሰደው፤ አልፈረድንበትም።

ክርክራችን የሚጀምረው በሦስተኛው ነው። በብራድበሪ ታሪክ ውስጥ ትልልቅ ሰዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ሕልም ያልማሉ፤ ዓለም ዛሬ ማታ ታበቃለች። አንድ ባልና ሚስት ይህን ያውቃሉ፤ ግን ሳይጮኹ፣ ሳይሮጡ ሳህናቸውን ያጥባሉ፣ ልጆቻቸውን ያስተኛሉ፣ ራሳቸውም ይተኛሉ። ሚስቲቱ የውኃ ቧንቧ ሳትዘጋ መቅረቷ ትዝ ብሏት ተነሥታ ትዘጋለች። ይኸው ነው። ፊልሙ ይህን እርጋታ አፍርሶታል። በፊልሙ ሕፃናቱ እንዳይሠቃዩ ተብሎ በክኒን እንዲሞቱ ይወሰናል። ባልና ሚስቱ በዚህ ይጣላሉ። ሲነጋ ዓለም እንዳለች ናት፤ ልጆቹ ግን አልነቁም።

የመጽሐፉ ወዳጆች ይህን ለውጥ ክፉኛ ይጠሉታል። ከሥነ ጽሑፍ አንጻር እውነት አላቸው፤ ያ የቧንቧ ውኃ ከክኒኑ ይበልጣል። እኛ ግን እንደ እረኞች ስናየው ፊልሙ ከመጽሐፉ ይልቅ የምናውቀውን ሰው አሳየን። “ነገ ይህ ይሆናል” ብሎ የተማመነ ሰው ዛሬ በእጁ ምን እንደሚያደርግ አይተናል። ሃሮልድ ካምፒንግ የተባለው አሜሪካዊ የሬዲዮ ሰባኪ ግንቦት 13 ቀን 2003 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሜይ 21 ቀን 2011) ፍርድ ይመጣል ብሎ ሲያውጅ፣ ሥራቸውን የተዉና ገንዘባቸውን የጨረሱ ነበሩ። ቀኑ አለፈ። ካምፒንግ በዓመቱ ስሕተቱን አምኖ ተናዘዘ። የተበተነውን ገንዘብ ግን ኑዛዜው አልመለሰውም። ጌታችን ቀኑንና ሰዓቱን ከአብ በቀር ማንም እንደማያውቀው የተናገረው (ማቴ. 24፥36) ለክርክር እንዲመች አልነበረም፤ ልጆቻችንን ከራሳችን ሊጠብቅልን ነው።

የፊልሙን መጨረሻ ስናይ ግን የካምፒንግን ነገር ትተን ወደ ራሳችን ጓዳ ተመለስን። ወጣቱ በዚያ ባዶ ቦታ ላይ ካርል አንቆ ሲገድለው ያያል። ካርል ተኝቷል፤ ምንም አላደረገም። ወጣቱ ድንጋይ አንሥቶ የተኛውን ሰው ይመታዋል።

መጽሐፍ ቅዱስ ይህን የመሰለ ታሪክ አለው። ኤልሳዕ ለአዛሄል በሶርያ ላይ እንደሚነግሥ ነገረው፤ እያየውም አለቀሰ። በማግሥቱ አዛሄል ጨርቅ በውኃ ነክሮ በታመመው ጌታው በወልደ አዴር ፊት ላይ ዘርግቶ ገደለው (2 ነገ. 8፥7-15)። የኤልሳዕ ቃል ደግሞ እውነተኛ ነበር! እውነተኛው ትንቢት እንኳ በክፉ ልብ ውስጥ ሲወድቅ እንዲህ ከሆነ፣ የእኛ መድረኮች በየሳምንቱ የሚበትኑት ምን ያደርግ ይሆን?

ስጦታውን አንክድም። ጳውሎስ ትንቢትን እንዳንንቅ፣ ግን ሁሉን እንድንፈትን አዞናል (1 ተሰ. 5፥20-21)። እኛ ሁለተኛውን ትተነዋል። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ እንግዳ አገልጋይ በአንድ ፕሮግራም ላይ አንድ ወጣት ወንድማችንን አስነሥቶ፣ “ከቤትህ ውስጥ ያለ ሰው እጁን በአንተ ላይ አንሥቷል፤ ከማዕዱ ተጠንቀቅ” አለው። ስም አልጠራም። በቤቱ ያለችው ግን ወላጆቹ ከሞቱ በኋላ ቆሎ ነግዳ ያሳደገችው እኅቱ ብቻ ነበረች። ከዚያ ቀን በኋላ ከእጇ አልበላም። በሁለተኛው ወር ዕቃውን ሸክፎ ወጣ።

እኛ በዚያ ምሽት የፊት ወንበር ላይ ነበርን። “አሜን” ብለናል፤ አጨብጭበናል። ፕሮግራሙ ሲያልቅ ወንድማችንን ጠርተን “ይህን ቃል እንዴት ሰማኸው?” ብለን አልጠየቅነውም። እንግዳውንም አልጠየቅንም፤ ሸኘነው፣ አመሰገንነው፣ የመንገድም ሰጠነው።

በኮሌጅ ሳለን ፊልሙን “ጥንቆላ ነው” ብለው ትተው ከወጡት አንዱ ዛሬ መጋቢ ነው። ሰሞኑን አብሮን ሲያይ የድንጋዩ ትዕይንት ላይ ፊልሙን አስቆመውና ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ “በእኛም ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ያለ አለ” አለን። ሌላው ወዳጃችን ግን አሁንም ፊልሙ ደካማ ነው፣ ለአንድ ትዕይንት ሲባል ይህን ያህል ጊዜ አይባክንም ባይ ነው። ምናልባት ትክክል ነው። ለልጆች የሚሆን ፊልም እንዳልሆነም እንናገራለን፤ የገላ መራቆት አለበት፣ የሕፃናቱም ነገር ከባድ ነው።

እኅቱ አልፎ አልፎ ትደውልልናለች። የምትጠይቀን አንድ ነገር ነው፤ ከስቷል ወይ? ያለፈው እሑድ ወንድማችንን ከአምልኮ በኋላ አግኝተን፣ በዚያ ምሽት ዝም ማለታችን ጥፋት እንደነበረ ነግረን ይቅርታ ጠየቅነው። ብዙ አልተናገረም። ሐሙስ ወደ እሷ ቤት አብረነው እንድንሄድ ግን እሺ ብሏል።