ጤፉስ ብረት አለው፣ ሊጡ ጊዜ አገኘ ወይ?

እህል በረንዳ ቀይ ጤፍ ልትገዙ ስትቆሙ መጀመሪያ የምትሰሙት «ብረት አለው» የሚል ነው። አለው፣ አልዋሹም። ድሮ የድሃ እህል ይባል የነበረው ዛሬ የሚወደሰው በዚህች ቃል ነው። ግን ወገን፣ የተነገረን ግማሹ ነው!

የጤፍ ብረት አብዛኛው እስረኛ ነው። ፋይቲክ አሲድ የሚባል ነገር ብረቱንም ዚንኩንም ጥርቅም አድርጎ ይይዘዋል፤ አንጀታችን ደግሞ የታሰረ ብረት አይወስድም። በልተነው ያልፋል። ከአውድማ አፈር ጋር የሚመጣውም ብረት ቁጥሩን ያሳድጋል እንጂ ለደም ብዙም አይረባም።

እስረኛውን የሚፈታው ፋይቴዝ የሚባል ኢንዛይም ነው። እህሉ ውስጥ አለ፣ አንዳንድ ባክቴሪያዎችም ይሠሩታል። ግን መራጭ ነው፤ የእህሉ ፋይቴዝ ደህና የሚሠራው ፒኤች 5 አካባቢ ነው። ሊጡን እያኮመጠጡ ወደዚያ የሚያወርዱት የእርሾው ላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ናቸው። ለዚህ ነው እናቶቻችን ሁለት ሦስት ቀን የሚያቦኩት። ምጣድ ላይ ከወጣ በኋላማ ኢንዛይሙ በሙቀት ይሞታል፣ አለቀ።

አሁን ምን መጣ? ጠዋት አቡክቶ ማታ መጋገር። ቤኪንግ ፓውደር ጨምሮ፣ አሲዱ ሳይመጣ ዓይን ማውጣት። ዓይኑ ያማረ፣ ብረቱ የታሰረ እንጀራ! ደንበኛውም «አይኮምጥጥብኝ» ይላል። ጀሶ የሚቀላቅለውማ በሁለት በኩል ነው የሚበድለን፤ ጀሶ ካልሲየም ነው፣ ካልሲየም ሲበዛ ፋይቲክ አሲዱን ይዞ ይረጋል፣ ኢንዛይሙ አይደርስበትም።

«ካልሲየም ታዲያ ክፉ ነው?» የሚለኝ ተማሪ አይጠፋም። አይደለም። የባሲለስ ባክቴሪያ ፋይቴዝ ያለ ካልሲየም አይሠራም። መዳብና ዚንክ ሲበዙ ግን ብዙዎቹን ፋይቴዞች ያደክማሉ። ነገሩ የትኛው ብረታ ብረት፣ ምን ያህል፣ በምን ፒኤች ነው። ልጆቻችን ግን ኢንዛይምን «ጓጉንቸርና ቁልፍ» ብለው ለፈተና ይሸመድዳሉ፤ ቤታቸው ያለው ቡሃቃ ላይ ማን አሳያቸው?

በደንብ የቦካም ቢሆን ሁሉንም አይፈታም። ሎሚ፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ አብራችሁ ብሉ፤ ሻይና ቡናውን ከምግብ ትንሽ አርቁት። ደም ማነስ ያለባት ወይም ነፍሰ ጡር የሆነች ደግሞ ጤና ጣቢያ የሰጣትን ኪኒን በቀይ ጤፍ አትተካ!

እንጀራ ስትገዙ «ጤፉ ቀይ ነው?» ብላችሁ አታቁሙ። «ስንት ቀን ቦካ?» በሉ። ካልጠየቅን የሚያቦካልን የለም።