ዘመቻው ሲሄድ ልጁስ?

የዓይን ሞራ ዘመቻ እንዴት እንደሚሠራ ታውቃላችሁ። ባነር ይሰቀላል፣ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች በዘንግ እየተመሩ ይሰበሰባሉ፣ በማግስቱ ፋሻው ሲፈታ እልልታው ይቀልጣል፣ ካሜራውም ይሠራል። እኛ በእልልታው አንቀልድም። ለአዋቂ ሞራ ይህ አሠራር በደንብ ይሠራል፤ ዓይኑ ይደነዝዛል፣ በደቂቃዎች ውስጥ ሌንስ ይገባል፣ ሰውየው የልጅ ልጁን መልክ አይቶ ቤቱ ይገባል።

ጠባችን "ደብረ ማርቆስ ላይ ለሕፃናትም እንዲሁ እናድርግ" ከሚሉት ጋር ነው።

የሦስት ዓመት ልጅ ዝም ብለህ ተኛ ቢሉት አይተኛም። ሙሉ ማደንዘዣ ያስፈልገዋል፤ ያ ማለት ደግሞ ልጅ ማደንዘዝ የሚችል ባለሙያ፣ ኦክስጅን፣ የማይጠፋ መብራት፣ ሌሊቱን የምትጠብቅ ነርስ ማለት ነው። እሺ፣ ይኼ ሁሉ ተሟላ እንበል። ዋናው ጣጣ ከዚያ በኋላ ነው። አዋቂው ድሮም ማየት ያውቅ ነበር፤ ሞራው ሲነሳለት ካቆመበት ይቀጥላል። ሕፃኑ ግን ማየትን ገና እየተማረ ነው፣ የሚማረውም አንጎሉ ነው። ሞራ ይዞ ለተወለደ ልጅ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታትና ወራት ካለፉ፣ በሰባት ዓመቱ ዓይኑን ብታጠሩለት እንኳ ያመለጠውን ትምህርት ማካካስ ከባድ ነው። በጊዜ ቢሠራለትም ከሌንሱ ጀርባ ያለው ስስ ሽፋን ልጆች ላይ ቶሎ ይደፈርሳል። መነጽር ያስፈልገዋል፤ ልጁ ባደገ ቁጥርም ይቀየራል። ደካማው ዓይን እንዲሠራ ደህናው በየቀኑ ለሰዓታት ይሸፈናል። የዓይኑ ግፊት ለዓመታት ይለካል። ማን ነው የሚለካው? ቡድኑ እኮ እሁድ በሯል!

በ1998 ዓ.ም. የወጣው አገር አቀፍ ጥናት ከዓይነ ስውርነቱ ግማሹ የመጣው በሞራ እንደሆነ አሳይቷል። የልጆች ድርሻ ከጠቅላላው 6 በመቶ ገደማ ነው። ገባችሁ? ሪፖርት ለሚጽፍ ሰው ልጅ አያዋጣም። ግን ከልጁ ፊት ሃምሳ ስልሳ ዓመት ጨለማ አለ፤ ያንን የሚቆጥር ሠንጠረዥ አላየንም።

ትራኮማስ? ትሉን ይሆናል። ያው ጥናት በአማራ ክልል ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉ ልጆች ከ60 በመቶ በላዩ ንቁ ትራኮማ እንዳለበት አግኝቷል። ያ ግን የልጅነቱ ሕክምና መድኃኒት፣ ውሃና ሳሙና ነው፤ ምላጭ የሚመጣው ልጅቷ አድጋ ቆቧ ሲቀለበስና ሽፋሽፍቷ ዓይኗን ሲወጋው ነው። በ2001 ዓ.ም. በክልላችን የወባና ትራኮማ ሳምንት ተጀምሮ ሚሊዮኖች ዚትሮማክስ ወሰዱ። ለምን ተሳካ? በየቀበሌው ሥራውን የያዙት እዚያው የሚኖሩ ሰዎች ስለነበሩ ነዋ! ዘመቻው ሲያልቅ እነሱ የትም አልሄዱም።

ለሕፃናቱም የምንፈልገው ይኼንኑ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እናት ልጇን ለክትባት ስታመጣ ባትሪ አብርታ ብሌኑን ትይ። ነጭ ነገር ካየች ዛሬውኑ ትላከው፤ ሞራ ብቻ ሳይሆን የሚገድል የዓይን ካንሰርም ሊሆን ይችላልና። (እናትየዋን "ምነው ዘገየሽ?" ብሎ መቆጣት ቀላል ነው። ልጇን "ዓይኔ" ብላ የምትጠራ ሴት የዘገየችው ወድዳ አይደለም፤ "ሲያድግ ይለቀዋል" ብለዋት ነው።) ቀዶ ጥገናው የልጆች የዓይን ሐኪም ባለበት ሆስፒታል ይሠራ። የዘመቻው ብር ከጮቄ ሥር ለመጣች እናት ትራንስፖርት፣ አልጋና ምግብ ይሁን፤ አዲስ አበባ ከደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ነው፣ ከዚያ በፊት ያለው የእግር መንገድ ሳይቆጠር። ከነሐሴ 2015 ወዲህ ደግሞ በጦርነቱ መንገድ በተዘጋ ቁጥር ቀጠሮ ያልፋል፣ የሕፃን ዓይን ግን መንገድ እስኪከፈት አይጠብቅም። ስለዚህ ደብረ ማርቆስ ላይ መዝገብና ስልክ ይዞ የቀረውን ልጅ የሚፈልግ፣ መነጽር የሚቀይር፣ ደመወዝ የሚከፈለው አንድ ሰው ይቀጠር።

ውጭ አገር ገንዘብ የምታሰባስቡ ወንድምና እህቶቻችን፣ ባነሩን ከማሠራታችሁ በፊት አንድ ነገር ጻፉልን፦ በሦስተኛው ወር ልጁን የሚያየው ማን ነው? በሦስተኛው ዓመትስ?