ከክፍል ውጭ ያለው ጀርመንኛ

«ልጄን የላክሁት ቋንቋ እንዲማር ነው ወይስ አገር እንዲያይ?» ይህን ጥያቄ ያነሡት፣ ልጃቸው ከጀርመን አገር የላከላቸውን ፎቶግራፎች ያሳዩኝ አንድ አባት ናቸው። በአንደኛው ፎቶግራፍ ልጁ ከትልቅ ሐውልት ሥር ቆሟል፤ በሁለተኛው በባቡር ጣቢያ ደጃፍ ላይ ይስቃል፤ በሦስተኛው ደግሞ ከጓደኞቹ ጋር አይስ ክሬም ይበላል። ደብተር የያዘበት አንድም የለም። የአባትየው ቅሬታ ተገቢ ነው፤ ገንዘቡም ጊዜውም ተቆጥሮ የተሰጠ ነውና። ሆኖም የእኔ አስተያየት ከእርሳቸው ይለያል። ጀርመንኛ ሊማር ባሕር ተሻግሮ የሄደ ወጣት የሚኖርበትን ከተማ ካልዞረ ትምህርቱን አጉድሏል እላለሁ። አዟዟሩን በተመለከተ ግን ከአባትየው ጋር የምስማማበት ነገር ስላለ ኋላ እመለስበታለሁ።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ከተማ እንውሰድ። ላይፕዚግ በምሥራቅ ጀርመን፣ በሳክሶኒ ግዛት የሚገኝ ከተማ ነው። ዩኒቨርሲቲው የተመሠረተው በ1409 ነው (ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። በዚሁ ዩኒቨርሲቲ በ1956 ለውጭ አገር ተማሪዎች ቋንቋ የሚያስተምር ተቋም ተከፈተ፤ ከ1961 ጀምሮም ሄርደር ኢንስቲትዩት ተባለ። ጀርመን ለሁለት ተከፍላ በኖረችበት ዘመን፣ ማለትም እስከ 1990 ድረስ፣ ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ምሥራቁ ክፍል ከተላኩት ኢትዮጵያውያን መካከል ጀርመንኛን በዚያ የጀመሩ ነበሩ።

በክፍል ውስጥ መምህሩ እያንዳንዱን ቃል ለይቶ፣ ረጋ ብሎ ይናገራል። ተማሪውም ሁሉን የሰማ ይመስለዋል። ከሰዓት በኋላ ዳቦ ለመግዛት ሲሄድ ግን ነገሩ ይለወጣል። የሳክሶኒ ሰዎች በተለመደ ንግግራቸው «ፐ»ን ወደ «በ»፣ «ተ»ን ወደ «ደ»፣ «ከ»ን ወደ «ገ» ያስጠጋሉ። ሻጭዋ ፈጥና ትናገራለች፤ ከኋላ ሰዎች ተሰልፈዋል፤ «ይድገሙልኝ» ለማለት እንኳ ድፍረት ያስፈልጋል። ተማሪው ያን ድፍረት ያገኘ ዕለት ከአንድ ሳምንት የቃላት ጥናት የሚበልጥ ነገር አግኝቷል ብዬ አምናለሁ።

የሰዓቱ ነገርማ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ጀርመኖች «ሃልብ ጼን» ሲሉ ቃል በቃል «ግማሽ ዐሥር» ማለት ነው። የእኛ ተማሪ ይህን ሲሰማ «ዐሥር ሰዓት ተኩል» ብሎ ይተረጉማል፤ በቀጠሮውም አንድ ሰዓት ዘግይቶ ይደርሳል። እነርሱ የሚሉት ዐሥረኛው ሰዓት ገና ግማሹ ሄዷል ነውና፣ ቀጠሮው በእነርሱ አቆጣጠር ዘጠኝ ተኩል፣ በእኛ ደግሞ ከጠዋቱ ሦስት ተኩል ነው። በላይፕዚግ አካባቢ ሲሆን ይብሳል፤ ዘጠኝ ከሩብን «ሩብ ዐሥር»፣ ለዐሥር ሩብ ጉዳይን ደግሞ «ሦስት ሩብ ዐሥር» ይላሉ። አሠራሩ አንድ ጊዜ ከገባ ቀላል ነው፤ ከዐሥረኛው ሰዓት ስንት ሩብ እንዳለፈ መቁጠር ብቻ ነው። በመማሪያ መጽሐፍ ይህ ሁለት መስመር ያህል ቦታ ይይዛል፤ ተማሪውም አንብቦት ይረሳዋል። የሐኪም ቀጠሮ ያመለጠው ተማሪ ግን ዕድሜውን ሙሉ አይረሳውም።

በትራም መሄድም እንዲሁ ያስተምራል። «በዋናው ባቡር ጣቢያ ትራም እለውጣለሁ» ለማለት የፈለገ ሰው ግሡን ለሁለት ከፍሎ፣ አካሉን መሐል ላይ፣ ቅጥያውን ከዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ማስቀመጥ አለበት። ሌሎች ይህን እስኪለምዱ ይቸገራሉ። አማርኛ ተናጋሪ ግን በዚህ ረገድ ዕድለኛ ይመስለኛል፤ በገዛ ቋንቋው ማሰሪያ አንቀጹን እስከ መጨረሻ ሲጠብቅ ያደገ ነውና።

እስካሁን የተናገርሁት ስለ ዕለት ኑሮ ነው፤ አባትየውም ቢሆኑ ዳቦ መግዛትን አይቃወሙም። ቅር ያሰኛቸው ጉብኝቱ ነው። ታዲያ በዳቦ ቤትና በትራም የሚሰማው ቋንቋ አብዛኛው የአሁን ጊዜና የትእዛዝ ነው፤ በወሬ መካከል ያለፈ ነገር ሲነሣም የሚመጣው በአንድ ዓይነት የኃላፊ ጊዜ አነጋገር ነው። ሌላው የኃላፊ ጊዜ፣ በጽሑፍና በትምህርት ገለጻ የሚዘወተረው፣ ከተገብሮ ግሥ ጋር ሆኖ የሚገኘው በታሪካዊ ቦታዎች ነው፤ «ተሠራ»፣ «ተቃጠለ»፣ «ተመረቀ» የሚለው ቋንቋ ማለት ነው። በ1813 ናፖሊዮን ድል የሆነበትን ጦርነት ለማስታወስ ከተማው ውስጥ የቆመው፣ በ1913 የተመረቀው የ91 ሜትር ሐውልት ሥር የሚሰማው ገለጻ እንዲህ ያለ ነው። ዮሐን ሰባስትያን ባኽ ከ1723 እስከ 1750 የመዘምራን አለቃ በሆነበት በቅዱስ ቶማስ ቤተ ክርስቲያንም እንዲሁ ነው። ከዚያ ጥቂት እርምጃ ርቆ የቅዱስ ኒቆላዎስ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል፤ ጥቅምት 9 ቀን 1989 ከዚያ የተነሣው ሰልፍ 70,000 ያህል ሰው ነበረበት። በዓመቱ ሁለቱ ጀርመኖች አንድ ሆኑ። ይህን ታሪክ ቆሞ በጀርመንኛ ያዳመጠ ተማሪ ነገ የዩኒቨርሲቲ መምህር ሲያስተምር የሚጠቀምበትን ቋንቋ ዛሬ እየለመደ ነው።

አሁን ከአባትየው ጋር ወደምስማማበት እመለሳለሁ። ዐሥር ሆነው፣ በአማርኛ እየተጫወቱ፣ ሐውልቱን በሩቅ አይተው፣ ፎቶግራፍ ተነሥተው የሚመለሱ ተማሪዎች አሉ። ቀኑን ሙሉ የተናገሩት ጀርመንኛ ትኬት የገዙበት ብቻ ነው። ይህ ጉብኝት አይደለም፤ መዝናናት ነው ቢባል ይሻላል። በባዕድ አገር ብቸኝነት ከባድ ስለሆነ ከወገን ጋር መሰብሰቡን አልነቅፍም፤ ቅዳሜ ማታ አብሮ ወጥ መሥራት ይበቃ ነበር። ከተማ ሲዞር ግን ተማሪው ብቻውን ወይም ከአገሩ ተወላጅ ጋር ቢሆን ይመረጣል። መንገድ የጠፋው ብቸኛ ሰው መጠየቁ ግድ ነው፤ ዐሥር ሆነው የጠፉ ግን እርስ በርስ ይከራከራሉ። በእግር ለሚሄድ ሰው ደግሞ ወጪው ከጫማ ሶል አያልፍም።

ከላይፕዚግ በባቡር ወደ ምዕራብ ሲኬድ፣ ኤርፉርትን አልፎ ጎታ የምትባል ከተማ አለች። የፍሪደንሽታይን ቤተ መንግሥት የሚገኘው በዚያ ነው። የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ በ1652 በመስፍኑ በኤርንስት ተጋብዘው በዚያ ተቀምጠዋል። ኤርፉርት የተወለደው ሂዮብ ሉዶልፍ ግእዝን በወጣትነቱ ከመጻሕፍት ተምሮ ነበር፤ በ1649 ሮማ ላይ ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር ሲገናኝ ግን ከመጽሐፍ ያገኘው እውቀት ለጭውውት አልበቃውም። ከእርሳቸው እየጠየቀ፣ እየሰማ ተማረ። በ1698 የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ፍራንክፈርት ላይ አሳተመ፤ ኢትዮጵያን ግን አላያትም።

ያ ፎቶግራፍ የላከው ልጅ አንድ ቀን ወደ ጎታ ሄዶ፣ በቤተ መንግሥቱ ደጃፍ ቆሞ፣ አባ ጎርጎርዮስ የት ክፍል ተቀምጠው እንደ ነበር አስጎብኚውን በጀርመንኛ ቢጠይቅ፣ የዚያን ዕለት የቤት ሥራውን ባይሠራም እኔ መምህሩ ብሆን አልቆጣውም።